በረኛው በመጨረሻ ይንቃ

ሰኞ፣ የካቲት 2

ታላቅየው ታፍኗል፤ ሁለቱ ወንድሞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ዛሬም! ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት፣ ሦስት ጊዜ «አለቀ» አልኩ፣ ሦስት ጊዜ አፈርኩ።

በደንብ ልጻፈው፤ ሌላ ቀን ሳነበው እንዳልደናገር። በየክሊኒካችን ያለው ኮምፒውተር፣ ራውተር፣ ፋየርዎል ሁሉ ያደረገውን እየጻፈ ነው የሚውለው፤ ማን ገባ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ከፈተ፣ ምን እምቢ አለው። ሎግ ማለት ይኸው ነው፤ የማሽን የዕለት ማስታወሻ። ከእኔ የሚለዩት አንድም ቀን ባለመዝለላቸው ነው። ከሐረር፣ ከድሬዳዋ፣ ከጅጅጋና ከባቢሌ መስመር በመስመር እየተላከ እኔ ጋ፣ ከክሊኒኩ ጀርባ ባለችው የማሽን ክፍል ይከማቻል። የሚቀበሉት ሦስት ሰርቨሮች ናቸው። በተገዙበት ቅደም ተከተል ታላቅየው፣ መካከለኛው፣ ታናሽየው ይባላሉ። ስም ያወጡላቸው ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ የመብራትና የጄኔሬተር ሠራተኛችን፣ ሰኔ ላይ ጡረታ የሚወጡ። ከሦስቱ ፊት ደግሞ የሚመጣውን የሚያከፋፍል ሎድ ባላንሰር አለ። እሱን «በረኛው» ብለውታል።

ሦስቱ ቢካፈሉት ሥራው ቀላል ነበር። አይካፈሉም። ታላቅየው ሁሉን ብቻውን ይሸከምና አቅሙ ሲያልቅ የተረፈውን ይጥለዋል። የተጣለ ሎግ አይመለስም። ባለፈው ወር ባቢሌ ያለ አንድ ኮምፒውተር ከሥራ ሰዓት ውጭ በማን ስም እንደተከፈተ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሲጠይቁኝ፣ የሰጠሁት መልስ «የዚያ ሰዓት ሎግ የለም» የሚል ነበር። ምን ዓይነት መልስ ነው! መዝገብ ቤት ተቀምጦ መዝገቡ የለም እንደማለት።

የዚያ ውጤት ዛሬ መጣ። አዲስ አበባ ያሉት አለቃዬ አቶ ያሬድ ደብዳቤ ልከዋል። ዓርብ ፈተና አለ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከየክሊኒኩ ቁጥር የተሰጣቸው መስመሮች ይላካሉ። ቁጥሩ ሳይዘል የእኛ ሰርቨሮች ላይ ከተገኘ ሥራው ሐረር ይቀራል። እኛ ጋ ከጠፋ ሰርቨሮቹ ተነቅለው አዲስ አበባ ይሄዳሉ፤ እኔም አብሬ እዛወራለሁ። የመጨረሻዋን እንደ ምሥራች ነው የጻፏት። «ለሙያ ዕድገትሽም ይጠቅማል» ይላል።

አልፈልግም። ለማንም ስለማላነበው በግልጽ ልጻፈው፤ አልፈልግም። አባቴ ካረፈ ወዲህ እኔና እማዬ ሁለታችን ብቻ ነን። ጓደኞቼም፣ ቤቴም፣ ጠዋት ጠዋት የምጨቃጨቀው የባጃጅ ሹፌርም እዚህ ናቸው። ቤተሰባችን ከሸዋ መጣ ከተባለ አራት ትውልድ አልፏል፤ እኔ የሐረሩን ሸዋ በር እንጂ ሸዋን አላውቅም።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ፈተናውን ካለፍኩ ምን ያስጨንቃታል? ከወደቅኩ ደግሞ ለመጨነቅ ጊዜ አላት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

የተጠርጣሪዎች ዝርዝር፦

የድሬዳዋ ኔትወርክ። ከማለዳ ጀምሮ ስለካው ቆየሁ። ንጹሕ ነው።

ሜሞሪ። ለታላቅየው ጨመርኩለት። ተመስገን እንኳ ሳይል በሩብ ሰዓት ሞላው።

ዲስክ። ቀርፋፋ ነው፤ እውነት ነው። ግን የታናሽየው ዲስክ ፈጣን ሆኖ ባዶውን ተቀምጧል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የዲስክ አይደለም።

በረኛው። የተሰጠው ትእዛዝ «ለሦስቱም በእኩል አዳርስ» ይላል። አሥር ጊዜ አነበብኩት። አሥር ጊዜም እንደዚያው ይላል።

እኔ። ምርመራው አልተጠናቀቀም።

ኢክራም ጋ ደወልኩ። ኤረር በር አጠገብ ባለው ክሊኒካችን የኔትወርክ ባለሙያ ናት፤ በሥራ ተዋውቀን እህትማማች ሆነናል። ገና ሳልጨርስ፣ «ወላሂ የኛዎቹ ላኪዎች ደህና ናቸው፤ ጉዱ አንቺው ጋ ነው አቦ!» አለችኝ። ስለ ፈተናው ስነግራት «አቦ» ማለቱን ተወች፤ «ዓርብ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ኢክራም «አቦ» ተወች ማለት ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ድል። ድሬዳዋ ያለው አንድ ስዊች፣ ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ዕቃ፣ እያንዳንዱን መስመር ሁለት ሁለት ጊዜ ይልክ ነበር። ማን እንደዚያ እንዳስተካከለው አልጠየቅኩም፤ ምናልባት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ቆረጥኩት። የታላቅየው ትንፋሽ ወዲያው መለስ አለ። በደስታ ሁለት ሳምቡሳ በላሁ። ሦስተኛውን ለጋሽ ተፈራ ወሰድኩላቸው፤ «ደግሞ ምን አጠፋሽ?» ብለው ተቀበሉኝ።

አንድ የገረመኝ ነገር ግን አለ። የራሳቸውን የሰርቨሮቹን ሎግ ሳይ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር አንዱ ከነቃ በኋላ ቀጣዩ እስኪነቃ የሚወስደው ጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ ቀን አራት ደቂቃ፣ አንድ ቀን ሰባት፣ አንድ ቀን አምስት ተኩል። የማሽን ሥራ እንዲህ አይደለም። ማሽን ከተሳሳተም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው የሚሳሳተው።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

አገኘሁት! አገኘሁት፤ ግን ባላገኘው ይሻል ነበር።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ባትሪያችን ካረጀ ቆይቷል፣ አዲሱ ታዟል ከተባለም እንዲሁ። ስለዚህ ሁሉም በአንዴ ጸጥ አለ። በሌላ ቀን እንዲህ ሲሆን ወጥቼ ለየክሊኒኩ ስደውል ነው የምቆየው። ዛሬ ግን የትናንቱ ነገር ከንክኖኝ ክፍሉ ውስጥ ቀረሁ።

ጋሽ ተፈራ ጄኔሬተሩን አስነሥተው፣ እጃቸውን ጠርገው ገቡ። ግድግዳው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጻፉት ወረቀት አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሳልፍ አንብቤው አላውቅም። «አንደኛ በረኛው። ሁለተኛ ታላቅየው። ሦስተኛ መካከለኛው። አራተኛ ታናሽየው። በየመካከሉ ጥቂት ይቆይ» ይላል። በወረቀቱ መሠረት በረኛውን አበሩ። ቀጥለው ታላቅየውን አበሩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይደግሙ ጀመር።

«ጥቂት» ማለት ለካ ይኼ ኖሯል! ውዳሴው ሲያልቅ መካከለኛውን አበሩና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። የእያንዳንዱ ቀን ውዳሴ ርዝመቱ ይለያያል፤ ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ሲያማቸው ደግሞ ይዘገያል። አራት ደቂቃው፣ ሰባት ደቂቃው፣ አምስት ተኩሉ ሁሉ ተፈታልኝ። ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ።

ከዚያ ስክሪኑን አየሁና ሳቁ ጠፋ። ታላቅየው በነቃ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስልሳ አራቱም ላኪዎች፣ ከየክሊኒኩ ሎግ የሚልኩት ዕቃዎች ሁሉ፣ እሱ ላይ ተለጥፈዋል። ምን ያድርጉ? በረኛው ነቅቷል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ ወንድሞች ሲነቁ የሚያንኳኳ አልቀረም። ላኪ አንዴ ከተገናኘ እጁን አይለቅም፤ ያን ቀን ሙሉ፣ ሳምንት ሙሉ፣ ቀጣዩ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በዚያው ግንኙነት ይልካል። በረኛው የሚያከፋፍለው አዲስ የመጣውን እንጂ የገባውን አያስነሣም። እኔ ደግሞ ሥራ በበዛበት ሰዓት የሚጠፋውን ሎግ ስቆጥር፣ መንሥኤው ከሦስት ቀን በፊት መብራት የጠፋ ጊዜ መሆኑን እንዴት ልወቅ?

ስለዚህ ጥፋተኛው ታወቀ። ጋሽ ተፈራና ውዳሴያቸው።

እንዴት ብዬ ነው የምነግራቸው? ሥርዓቱን ያወጡት እሳቸው ናቸው። በእሱ ይኮራሉ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ወረቀቱን ያሳያሉ። ሰኔ ላይ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸው «ሎጉን ሲያስጥሉት የኖሩት እርስዎ ነዎት» ልበላቸው? አፌ እንቢ አለ። ቤት ገብቼም እማዬ «ምነው ዝም አልሽ?» ስትለኝ የጾሙን ሽሮ አመካኘሁ። ሽሮው ምንም አላደረገኝም፤ እንዲያውም ጥሩ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ዛሬ የሠራሁትን ብጽፈው ያሳፍረኛል፤ ባልጽፈው ደግሞ እደግመዋለሁ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰው ሳይመጣ ገባሁ። ቅደም ተከተሉን ቀይሬ በኮምፒውተር ጻፍኩ፣ አተምኩ፣ የጋሽ ተፈራን ወረቀት ላጥኩና የእኔን ለጠፍኩ። በንጹሕ ፊደል፣ በትልልቁ። ያስተዋልኩ መስሎኝ ነበር። ሳንነጋገር ነገሩ ያልፋል ብዬ።

ሁለት ሰዓት ላይ ገቡ። ወረቀቱን አዩት። ወጥተው ጄኔሬተሩ አጠገብ ያለችው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እስከ አራት ሰዓት ተቀምጠው ቆዩ። እኔም ውስጥ ሆኜ ሥራ የምሠራ መሰልኩ።

በመጨረሻ ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ «ልጄ፣ አፍ አለሽ፤ እኔም ጆሮ አለኝ። ወረቀት ምን ቤት ነው በመካከላችን?» አሉኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዓይኔ እንባ ሞላ። «አጠፋሁ ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። የምሬን ነበር።

«ተቀመጪ» አሉና ከእኛ ጋ ከመምጣታቸው በፊት የሠሩበትን ቦታ አነሡልኝ። መብራት ሲመጣ አለቃቸው ቸኩሎ ሁሉንም ማሽን በአንዴ አስበራ፤ የመብራት ሰሌዳው ተቃጠለ፣ የባልደረባቸውም እጅ አብሮ ተቃጠለ። በየመካከሉ ፋታ መስጠት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ሰዓት እያዩ ሲጠብቁ ትዕግሥት ስለሚያጡ፣ ውዳሴ ሲደግሙ ግን መቸኮል ኃጢአት ስለሚሆንባቸው ውዳሴውን መረጡ። ይህንን ስሰማ ራሴን ማየት አስጠላኝ። ሰውየው ልክ ናቸው። ፋታው ትክክል ነው። ስሕተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ብቻ ነው።

እኔም በተራዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ስለ ግንኙነት፣ ስለ ላኪ፣ ስለ ተቀባይ ስቀባጥር ትንሽ አዳመጡና እጃቸውን አነሡ። «ቆይ፣ እንደ ሸዋ በር ሚኒባስ ነው በይኛ! ቀድሞ የመጣው ላይ ሁሉም ይሳፈራል። ባዶ ሚኒባስ ከኋላው ቢቆምም ወንበር የያዘ ሰው አይወርድም።» ልክ እንደዚያ ነው። እኔ ያን ሁሉ ቃል የፈጀሁበትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። «ታዲያ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማሽም? ይኼንን ለመናገር ነው ሌባ የሆንሽው?» ብለው ሳቁብኝ። ስቄ አላውቅም እንደዚያ።

በረኛውን የሚያስቀድሙበትንም ምክንያት ነገሩኝ። «በረኛ ከጌታው ቀድሞ አይደል የሚነሣው?» ታላቅየውንስ? «ታላቅ እያለ ታናሽ ይቀድማል እንዴ?» እንዲያውም ያስከፋቸው የእኔ ወረቀት ታናሽየውን ማስቀደሙ ነበር፤ ፈጣን ስለሆነ አስቀድሜው ነበር። ተስማማን። ታላቅየው ክብሩን ይዞ መጀመሪያ ይነሣል፣ መካከለኛው ይከተላል፣ ታናሽየው ይከተላል፤ በረኛው ግን ሦስቱም ልብሳቸውን ለብሰው እስኪጨርሱ ይተኛል። በመጨረሻ ይነቃል። እኔ ያተምኩትን ቀደው ጣሉና በቀይ እስክሪብቷቸው እንደገና ጻፉት።

«ውዳሴዬስ?» አሉኝ፣ እንደ መፍራት ብለው። «እንዳይተዉት» አልኳቸው። ለይሉኝታ አይደለም። አንዱ ማሽን ነቅቶ ለመቀበል እስኪዘጋጅ የሚፈልገው ጊዜ በግምት ያንኑ ያህል ነው።

ከሰዓት በኋላ ከኢክራም ጋር ስልክ ላይ ተጣብቀን ዋልን። በየላኪው ላይ ሁለት ነገር ለወጥን። አንደኛ፣ በየአሥር ደቂቃው ግንኙነቱን ለቆ እንደ አዲስ እንዲያንኳኳ። ሁለተኛ፣ የሚከፍትለት ካጣ መስመሮቹን ራሱ ጋ አስቀምጦ እንዲጠብቅ። እሷ አርባውን፣ እኔ ሃያ ሦስቱን ሠራን። አንድ ቀረ። የባቢሌው አሮጌ ፋየርዎል መልቀቅ አያውቅም፤ አስቀምጥ ቢባልም ከሩብ ሰዓት በላይ የሚሆን ቦታ የለውም። ኢክራም «ኢንሻላህ ነገ መብራት አይጠፋም» አለች። እኔም አሜን አልኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ጠፋ።

ግን ከመጀመሪያው ልጀምር። ሁለት ሰዓት ላይ ቁጥሮቹ መምጣት ጀመሩ። ከማታው ጀምሮ ሁሉም በአዲሱ ሥርዓት ነበር፤ ሦስቱ ወንድማማቾች ሥራውን ሲካፈሉት በዓይኔ አየሁ። በሰከንድ ሁለት ሺህ መስመር ያህል ይመጣል፤ ታላቅየው የድርሻውን ያነሣል፣ ይጽፋል፣ ደግሞ ያነሣል። አንድም አልዘለለም። ምሳ ሳልበላ ተቀምጬ አየሁት። ያምራል። ለሌላ ሰው ይህ ምን እንደሚያምር ማስረዳት አልችልም።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ መብራቱ ሄደ።

ጋሽ ተፈራ ሮጡ ማለት አይቻልም፤ ግን ፈጠን ብለው ሄዱ። ጄኔሬተሩ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣ። ታላቅየው በራ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ ስልኬ ላይ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ባቢሌ ሩብ ሰዓት ነው ያለው። ውዳሴው ይቀጥላል። አራት ደቂቃ። መካከለኛው በራ። እንደገና ከመጀመሪያው። ዘጠኝ ደቂቃ። «ጋሼ፣ ዛሬ ብቻ ብናሳጥረው?» አልኩ፤ አላስቻለኝም። ዓይናቸውን ሳይከፍቱ ጣታቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ፤ ስንኙን ጨረሱና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ወደ ውዳሴው ተመለሱ። ታናሽየው በራ። አሁንም ውዳሴ። እውነቱን ለመጻፍ፣ በዚያ ሰዓት እኔም አብሬ ስደግም ራሴን ያዝኩት፤ ሁለት ቦታ ተሳሳትኩ።

አሥራ አምስት ደቂቃ አለፈ። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ በረኛው ነቃ።

በአንዴ መጡ። ሁሉም ያቆየውን ይዞ ነው የመጣው፤ በሰከንድ ስምንት ሺህ መስመር ገባ፤ ከዚያም በላይ። ትናንት ቢሆን ታላቅየው እዚያው ተዘርሮ ነበር። ዛሬ ሦስቱ ተካፈሉት። ሃያ ሁለት ላኪ ታላቅየው ላይ፣ ሃያ አንድ መካከለኛው ላይ፣ ሃያ አንድ ታናሽየው ላይ። ስክሪኑን በእጄ ነካሁት። ጋሽ ተፈራ ከኋላዬ ቆመው «እህ?» አሉ። «እኩል ናቸው ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲህ» ብለው ወጡ።

እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሌላ ችግር አልነበረም። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስቆጠርኩ። ሐረር ሙሉ። ድሬዳዋ ሙሉ። ጅጅጋ ሙሉ። ባቢሌ አሥራ አንድ መስመር ጎደለ።

አሥራ አንድ! ከዚያ ሁሉ መስመር ውስጥ። ግን ደብዳቤው «ሳይዘል» ነው የሚለው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ሪፖርቱን ጻፍኩ። አሥራ አንዱን በመጀመሪያው አንቀጽ አስቀመጥኳቸው፤ ከታች ብቀብራቸውም አቶ ያሬድ ቁጥር የሚያነቡት ከታች ወደ ላይ ነው። ከመላኬ በፊት ግን አንድ ነገር ማጣራት ፈለግኩና ኢክራም ጋ ሄድኩ።

የባቢሌውን ፋየርዎል ከእሷ ኮምፒውተር ከፈትነው። የራሱን ሎግ አየን። ራሱ ጽፎታል፤ «ቦታ ስላለቀብኝ አሥራ አንድ ጣልኩ» የሚል ትርጉም ያለው መስመር። የእኛ ሰርቨሮች ላይ ደርሰው የጠፉ አይደሉም፤ ከባቢሌም አልወጡም። ኢክራም ጠረጴዛውን መታችው። «ማሻአላህ! እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሌባ አይቼ አላውቅም።» መስመሩን እንዳለ ሪፖርቱ ላይ ጨምሬ ላክሁ።

ከዚያ ወጥተን ሆጃ ጠጣን፤ ወተት የበዛበት፣ ከጣፋጩ ሙሸበክ ጋር። ስለ ሎግ አንድ ቃል አልተነፈስንም። ስለ እህቷ ሰርግ፣ ስለ ጫማ፣ ስለማያገባው ወንድሟ። ስንለያይ ግን እጄን ይዛ አልለቀቀችም። «ብትሄጂ አላኮርፍም፤ ግን አትሂጂ አቦ» አለችኝ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሴ ላይ ሐሳቤ ሃያ ጊዜ ሸሸ። ከዚያ ልብስ አጠብኩ። ከአዲስ አበባ ወሬ የለም፤ እሑድ ማን ይጽፋል። መብራት ቀን ሙሉ አልጠፋም።

ሰኞ፣ የካቲት 9

አቶ ያሬድ በአምስት ሰዓት ደወሉ። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ የእኔን ጤና፣ የእናቴን ጤና፣ የሐረርን አየር ጠየቁ።

ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ሥራው ባለበት ይቀጥላል አሉ። የባቢሌው ዕቃ እንደሚያፈስ ከሪፖርቴ አይተውታል፣ ይቀየራል። እነሱን ያሳሰባቸው እኛ ጋ የደረሰ ነገር መጥፋቱ ነበር፤ እኛ ጋ የደረሰ አልጠፋም። ለስድስት ወር ይታያል፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ይታሰብበታል። ስድስት ወር! ይሁን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ያኔ እንነጋገራለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ከማሽን ማሽን ያለው ፋታ በምን እንደሚለካ። «በልምድ» አልኳቸው።

ለጋሽ ተፈራ ስነግራቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። ሰኔ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሥርዓቱን ለሚተካቸው ሰው ያስተምሩታል፤ ቃል ገብተውልኛል። የሚተካቸው ሙስሊም ከሆነ የራሱን ቁርዓን ይቀራል ብለዋል፤ ርዝመቱን ግን አስቀድመው ይለኩታል።

ቤት የገባሁት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ለእማዬ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ደብዳቤውን፣ ፈተናውን፣ ዛሬ የተባለውን። መደበቄ እንዳያስከፋት ፈርቼ ፈጥኜ ፈጥኜ ነበር የማወራው። እማዬ አልተገረመችም። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ትልቅ ፕላስቲክ ዕቃ እያንፏቀቀች አመጣች። ከፈተችው። በርበሬ ነው። የተፈጨ፣ ቅመሙ የገባ፣ ስምንት ኪሎ።

ለካ ማክሰኞ ነው የሰማችው። የደብዳቤው ግልባጭ ለክሊኒኩ ሁሉ ደርሶ ኖሯል፤ ምሥጢር ብዬ የያዝኩትን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ረቡዕ ጊደር መጋላ ገበያ ወርዳ ዛላውን ገዛች፣ እንዳላይባት ጎረቤት ግቢ አስጥታ አደረቀችው፣ ዛሬ ጠዋት አስፈጨችው። «አዲስ አበባ ያለውን በርበሬ ማን ያምነዋል?» አለች።

«እማዬ፣ ለምን አትሂጂ አላልሽኝም?» አልኳት።

«ብልሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራኋ» አለች። «በእኔ ምክንያት።»

ሁለታችንም አለቀስን፤ ከፊሉ ከበርበሬው ነው። እሷ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ክዳኑን መልሳ ገጠመች፣ ጨርቁን አሰረችው፣ ዕቃውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «እንግዲህ ቁጭ ብለሽ ጨርሺያ» አለችኝ።